ወደ መቱ መቼ ይኬዳል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማና በበደሌ በኩል መቱ ለመግባት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ቤተሰብ ወይም ጓደኛሞች አዋጥተው ሚኒባስ ተከራይተው ይህን ሁሉ መንገድ ሲጓዙ ምክንያታቸው አብዛኛውን ጊዜ የሶር ፏፏቴ ነው። ፏፏቴውን ያያሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ካጋጠማቸውም ደስታቸው እጥፍ ይሆናል። ሲርባቸው ግን የሚያዙት ጥብስ፣ ሽሮ፣ በያይነቱና ፓስታ ነው። ይህ ምግብ ክፋት የለበትም፤ መርካቶም ቦሌም ከቤት በር ላይ ስለሚገኝ ያን ያህል መንገድ ለመሄድ ምክንያት አይሆንም እንጂ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ መቱ ያለችበት ኢሉባቦር ከሚታየው ይልቅ በሚበላው የሚደነቅ አገር ነው፤ ያ የሚበላው ግን ወቅት ጠብቆ የሚደርስ፣ ከሆቴልም ይልቅ ሰው ቤት የሚገኝ ነው። ስለዚህ ቀኑ መቆረጥ ያለበት በመኸሩ ነው፣ የመኪናው ኪራይና የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ከዚያ ይከተላሉ። ምግቡም ሰው ቤት ተፈልጎ፣ ዋጋው በአግባቡ ተከፍሎ ሊበላ ይገባል።

ለመብል ተብሎ መጓዝ ከውጭ የመጣ ቅንጦት የሚመስለው ሰው አለ። ቅዳሜና እሁድ ወደ ዱከም የሚወርደውን መኪና ቢያይ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ሥጋ ከሰፈሩ ልኳንዳ ጠፍቶበት የሚሄድ የለም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ዓሣ የሚበሉት ቤተሰቦችም እንደዚያው ናቸው፤ ዓሣው ከውኃው አጠገብ ሲበላ ጣዕሙ ይለያል ብለው ነው። ከሁሉም ትልቁ ማስረጃ ግን የጉራጌ መስቀል ነው። መስከረም 17 ሲቃረብ ከአዲስ አበባና ከየከተማው የሚነሳው ሕዝብ ብዛት የአውቶቡስ መናኸሪያውን ያጨናንቀዋል። የእርዱ ቀን፣ የክትፎው ተራ፣ ቅቤው የሚጠራቀምበት ወር ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ተጓዡ በምግቡ ቀጠሮ ይሄዳል እንጂ ምግቡ ተጓዡን አይጠብቅም። ኢሉባቦርም የራሱ ቀጠሮ አለው፤ ከአገሬው በቀር የሚያውቀው ሰው ማነሱ ነው ችግሩ።

ቀጠሮው የሚጀምረው በዚያው በመስቀል፣ በአንጮቴ ነው። አንጮቴ በምዕራብ ኦሮሚያ በየጓሮው የሚተከል፣ ሐረጉ አጥርና እንጨት ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው። ዝናብ ሲጀምር ይተከላል፤ ክረምቱ ሲወጣ ተቆፍሮ ለበዓሉ ይደርሳል። ሥሩ ታጥቦ ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ሲበስል ልጣጩ በእጅ ይገፈፋል፣ ውስጡ ይከተፋል ወይም ይደቃል፣ ከዚያም በተነጠረ ቅቤ፣ በጨውና በሚጥሚጣ ይታሻል። በወጥ መልክ የሚሠሩትም አሉ። አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ይመከራል፤ አገሬው አጥንት ይጠግናል የሚለውም ያለ ነገር አይደለም፣ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑን የምግብ ተመራማሪዎችም ጽፈውለታል። ቅቤው ለጋ፣ አንጮቴው ከመሬት የወጣ ዕለት የሆነበትን ሳህን የቀመሰ ሰው ለምን በዚያ ወር መምጣት እንዳስፈለገ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ከጤፍ የሚጋገረው ወፍራሙ ጩምቦ በቅቤና በበርበሬ ርሶ አጠገቡ ከቀረበ ደግሞ የዚያን ቀን ፏፏቴው ቢቀርም ቅር የሚለው አይኖርም።

ከመስቀል በኋላ ተራው የቡናው ነው። የኢሉባቦር ቡና አብዛኛው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ ከፊሉም ማንም ሳይተክለው በጫካው ውስጥ የበቀለ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዚሁ በኢሉባቦር ያለውን የያዩን የቡና ደን ከካፋ ጋር በዓለም የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ሲሆን በውስጡ የዱር የአረቢካ ቡና ዝርያዎች ተጠብቀው ይገኛሉ። ለቀማው ከመስከረም ማለቂያ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። በነዚህ ወራት የሄደ ሰው ቀይ ፍሬውን ከዛፉ ቀጥፎ መምጠጥ ይችላል፤ ቡና ጣፋጭ ፍራፍሬ መሆኑን የማያውቁ የከተማ ልጆች ይህን ቢቀምሱ ስለ ቡና የተማሩት ሁሉ ሌላ መልክ ይይዝላቸዋል። ኮረሪማውም በዚያው ጫካ ጥላ ሥር ይደርሳል። ቀይ ፍሬው ደርቆ፣ በክር ተሰክቶ ገበያ ይወጣል፤ ጥምዙም እንዲሁ የጫካ ነው። አዲስ አበባ ያለች ሴት ቅቤ ስታነጥርና በርበሬ ስታዘጋጅ የምትጨምረው ቅመም በየትኛው ዛፍ ጥላ ሥር እንዳደገ ማየት የምትችልበት ቦታ በአገራችን ብዙ አይደለም።

ማሩ ደግሞ የራሱ የሆነ ዘመን አቆጣጠር አለው። ንብ አናቢው ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ የሚቆርጠውም በአብዛኛው በጨለማ፣ በጭስ ነው። ግራዋ በበጋ ሲያብብ የሚገኘው ማር ጠቆር ያለና በስተመጨረሻ ምሬት ቢጤ የሚያሳይ ነው፤ ጌተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ግን ነጭ ነው። ከመቱ አንስቶ በሀሉ ወረዳ እስካለችው እስከ ኡካ ድረስ ባሉ ትንንሽ ከተሞች «ማር አለ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ በቂ አይሆንም፤ የምን ማር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚያውቅ ሻጭ አበባውን ይነግራችኋል። የማያውቅ ወይም «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ከገጠማችሁ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

የዚህ አገር ኑሮ በወቅት መመራቱ የገበሬ ቤት ብቻ ነገር አልነበረም፤ ትልቁ ንግድም ለዚሁ ተገዝቶ ኖሯል። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የውጭ ነጋዴዎችና የእንግሊዝ ቆንስላ ነበሩባት። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው፤ የደጋው ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ ቁልቁል ወርዶ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ጀልባው ግን ባሮ ካልሞላ አይመጣም። በጥቅምትና በኅዳር የተለቀመ ቡና ክረምቱ ገብቶ ወንዙ እስኪሞላ መጋዘን ይጠብቃል። መርከበኛው ሳይቀር ዝናብ የሚጠብቅበት አገር ላይ ሽርሽረኛው «ፈቃድ ያገኘሁት መጋቢት ላይ ነው» ብሎ ሁሉም ነገር ይቅረብልኝ ቢል አይሆንለትም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ሆቴሎቹ ለምን አያቀርቡትም? መልሱ የሆቴሎቹ ስንፍና አይመስለኝም። የመቱና የበደሌ ምግብ ቤት ደንበኛ በብዛት መንገደኛ ነው፦ ሹፌር፣ በአበል የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከየክልሉ የተመደበ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር። እንዲህ ያለ እንግዳ የሚያውቀውን ምግብ በፍጥነት ይፈልጋል። አንጮቴ ግን ረጅም ሰዓት ይቀቀላል፣ መላጡና መድቀቁ እጅ ይፈጃል፣ ያልተበላው ደግሞ ለነገ አይሆንም። ጎደሬም ቢሆን የቡና ቁርስ ሆኖ ቤት ይቀርባል እንጂ ሜኑ ላይ ሲጻፍ አይታይም፤ ሻጩም ገዢውም የገጠር ምግብ ነው ብለው ያፍሩበታል። ስለዚህ የሚበጀው የሆቴሉን ባለቤት መውቀሱን ትቶ አስቀድሞ በሚታወቅ ሰው፣ በዘመድ ወይም በሠፈር ሽማግሌ በኩል ለአንዲት ባለሙያ እናት «በዚህ ቀን ስምንት ሰዎች ነን፤ እንዲህ ይዘጋጅልን» ብሎ መላክና ዋጋውን አብሮ መቁረጥ ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሳል፦ እንግዳን ማስከፈል ነውር ነው። በእርግጥም ነውር ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም ብዙ ቤት ውስጥ ነው። ነገር ግን ይህ ነውር በታሪካችን ሲለዝብ ታይቷል። እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ግብር መብላት የለመደው መኳንንት ምግብ ከፍሎ መብላቱን አልዋጥ ብሎት እንደነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ከፍለው በልተው እንዳስለመዱት ይነገራል። ለዚህ ዘመን የሚቀርበው ማስረጃ ደግሞ የጀበና ቡና ነው። ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራት እንጂ መሸጥ የማይታሰብ ነገር ነበር፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ መቱ በየመንገዱ ዳር ረከቦትና ጀበና ዘርግታ ሲኒውን በዋጋ የምትሸጥ ሴት አለች። እንዲያም ሆኖ ቤት ውስጥ ጎረቤት ቡና መጠራራቱን አልተወም። እንግዳ ተቀባይነትን የሚገድለው መክፈል ሳይሆን የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ ዘመድ ነኝ እያለ በነጻ መብላቱ ይመስለኛል፤ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው በድንገት የገባበት ቤት ለወሩ ያስቀመጠውን ቅቤና ማር አውጥቶ ያቀርባል፣ አስተናጋጂቱም «ኧረ ምንም የለም፣ ብሉ እንጂ» ትላለች፣ እንግዳው አመስግኖ ይሄዳል። ነውር ከተባለ ነውሩ ይኼኛው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተጓዦቹ ከራሳቸው የሚመጣ ነው። በአንድ መኪና ውስጥ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ይኖራሉ፤ አንዱ ይጾማል፣ ሌላው የሌላውን እርድ አይበላም፣ ሦስተኛው መጠጥ አይነካም። ጉዞው ሥጋ ላይ ከተመሠረተ እያንዳንዱ ምሳ ድርድር ነው፤ በዱከም መንገድ ወዳጅነት የሻከረባቸው ሳይኖሩ አይቀሩም። የኢሉባቦር ማዕድ ግን ለዚህ የተመቸ ነው። አንጮቴና ጎደሬ ከመሬት የሚወጡ ናቸው፤ ቅቤው ለጾመኛው በዘይት ይተካል። (ቅቤ የሌለበት አንጮቴ ያው አንጮቴ ነው ብዬ ግን አልምልም።) ማሩን ሁሉም ይበላዋል፤ ጠጅ ለማይጠጣው ብርዝ ይበረዝለታል። ቡናው ደግሞ ከአቦል እስከ በረካ ሃይማኖት አይጠይቅም። አካባቢው ራሱ ሦስቱ እምነቶች በአንድ መንደር የሚኖሩበት በመሆኑ ባለሙያዋ ለተቀላቀለ እንግዳ ማሰናዳት አዲስ አይሆንባትም፤ ድሮም ለለቅሶና ለሠርግ ስትሠራው ኖራለች።

ወጪውስ? በዚህ የኑሮ ውድነት ዘመን ለአንጮቴ 600 ኪሎ ሜትር ንዱ ማለት ሰውን መሳደብ ነው የሚል ይኖራል። ግማሹን እቀበላለሁ። ከቤቱ የማይወጣውን ሰው አስወጣለሁ የሚል ክርክር አላነሳሁም፤ ወደዚያ የሚሄደው ለዘመድ ጥየቃም፣ ለሠርግም፣ ለፏፏቴም ብሎ እየሄደ ነው። እሱ ቀኑን ቢያሸጋሽግ ወጪው ያው ነው፣ ማዕዱ ግን ሌላ ይሆናል። የመንገዱ ጸጥታ ግን ከቀን መምረጥ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ ከዚያው ከሚኖር ሰው ሳያጣሩ መነሳት አይገባም። ጫካውን በተመለከተም «ጎብኚ ሲበዛ ደኑ ያልቃል» የሚለው ስጋት ቦታው አይመስለኝም። ደኑን የሚጨርሰው ምንጣሮው ነው። ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ፣ ኮረሪማ የሚያበቅል ጥላ ቆሞ ገንዘብ ካስገኘ ባለቤቱ መጥረቢያ ከማንሳቱ በፊት ሁለቴ ያስባል። ጥቂት ሚኒባሶች የያዩን ደን ያድኑታል ማለት ግን ማጋነን ነው፤ የሚያመጡት ጥቅም ለጥቂት ቤቶች የሚተርፍ ትንሽ ገቢ ነው።

የሚቀረው የማልክደው ችግር የትምህርት ቤት ነገር ነው። አንጮቴው በመስቀል፣ ቡናው በጥቅምትና በኅዳር ሲሆን ልጆች ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ነጩ ማር በሚቆረጥበት ወቅት ደግሞ ዝናቡ ይጀምርና የገጠሩ መንገድ ይጨቀያል። ልጅ ያላቸው ሰዎች የመስቀልን ሰሞን ከአንድ ሁለት ቀን ፈቃድ ጋር ማጣበቅ ካልቻሉ፣ ሁለተኛው አማራጭ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ከጥር ማለቂያ እስከ የካቲት መግቢያ ነው። ያኔ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጀንፈሉ (ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡና) ደርቋል፣ ኮረሪማው ተሰክቶ ገበያ ወጥቷል፣ የግራዋ አበባም ወቅቱ ነው። አንጮቴ ሳይቆፈር መሬት ውስጥ የሚያቆዩ ቤቶች ስላሉ አስቀድሞ ለላከ ሰው ላይጠፋ ይችላል። ልጆች የሌሏቸው ጓደኛሞች ግን ምክንያት የላቸውም፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይሂዱ፣ ፏፏቴውንም ከሰዓት በኋላ ይዩት፣ ጠዋት ቡና ለቀማ ስለሆነ።