ስለ አንዲት ደቃቅ ጢንዚዛ

በመቂ ከተማ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር የሚውል የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ማለዳ ቢሮውን ሲከፍት አስቀድሞ የሚቀበለው በፌስታል የታሰረ የታመመ ቅጠል ነውና፣ እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት «ይህ ተባይ ምንድር ነው? መድኃኒቱስ?» ለሚለኝ ገበሬ መልስ በመፈለግ ነው። ሆኖም ሥራ ቀለል በሚልበት ቀን ከማጉሊያ መነጽሬ ሥር የማኖራት፣ የማንንም ማሳ ያልነካች፣ ማንም መድኃኒቷን ያልጠየቀኝ አንዲት ጢንዚዛ አለችኝ።

ርዝመቷ ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም። በመነጽሩ ስትታይ መልኳ እንደ ተቆላ ስንዴ ቀላ ያለ ሲሆን፣ የክንፍ ክዳኗ እንደ አጭር ካባ ከወገቧ ላይ ስለሚቀር ሆዷ ሳይሸፈን ይታያል፤ የቀንዶቿም ጫፍ እንደ እረኛ ዱላ ያበጠ ነው። ክዳኑን በቀጭን መርፌ ቀና ባደረግሁት ጊዜ፣ ሌሎች ጢንዚዛዎች አጥፈው የሚያኖሩት ስስ ክንፍ ከሥሩ አልነበረም። የሥነ ፍጥረት መምህሮቻችን ሕያዋኑን በእግር የሚሽከረከር፣ በልብ የሚሳብ፣ በክንፍ የሚበርር ብለው ሲከፍሏቸው፣ ጢንዚዛ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር በልጅነቴ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ይህችኛዋ እንኳ ክንፉን ትታ ጥያቄውን አቅልላልኛለች።

ያገኘኋት በዝቋላ ነው። ከመቂ ወደ ሰሜን አሻግሮ ለሚመለከት፣ ዝቋላ ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ፣ ከፍታው ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው፤ በአናቱ ሐይቅ፣ በሐይቁም አቅራቢያ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል፤ ጽድ የበዛበትን ደን እስከ ዛሬ ያቆየውም የገዳሙ ክብር ነው። እንግዲህ በሞቃት ሜዳ የተከበበ ቀዝቃዛ ደን፣ ክንፍ ለሌለው ደቃቅ ፍጥረት በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ስለሚሆንበት፣ ወደ ጭላሎ ተራራ ተሻግሮ ከዘመዶቹ ጋር ሊዋለድ አይችልምና፣ ዘመናት ሲደራረቡ በየተራራው ላይ ሌላ የማይጋራው ዝርያ ይወጣል። በ2004 ዓ.ም. የዝቋላ ደን በእሳት በተያያዘ ጊዜ ሕዝቡ ቅጠል ይዞ ለማጥፋት ወደ ተራራው ሲወጣ፣ ከረገፈው ቅጠል ሥር መሸሻ የሌለው ስንት ነፍስ እንደ ነበረ ያን ጊዜ እኔም አላሰብሁትም።

አሠራሩ ከወጥ ቤት ሙያ አይርቅም። የረገፈውን ቅጠልና የበሰበሰውን አፈር በወንፊት እነፋለሁ፤ ያለፈውን ደቃቅ በከረጢት ይዤ እወርድና ከላዩ አምፑል በተሰቀለበት፣ ከታቹ የአልኮል ብልቃጥ በተደቀነበት ማንቆርቆሪያ መሳይ ዕቃ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ከላይ ድርቀቱና ሙቀቱ ሲበረታ በውስጡ ያለው ፍጥረት ሁሉ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ሲወርድ ከብልቃጡ ይገባል። ይህን ዘዴ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው በርሌዜ የተባለ የኢጣልያ ሊቅ ነው። አንድ ቀን ከጽዱ ሥር ተንበርክኬ ስነፋ አንድ አረጋዊ መነኩሴ መጥተው ቆሙና፣ «ልጄ፣ እምነት ፈልገህ እንደ ሆነ ከቤተ ክርስቲያኑ ይሰጥህ የለም? ይህ እኮ የረገፈ ቅጠል ነው» አሉኝ። «አባ፣ በውስጡ የሚኖሩትን ለማየት ነው» ብላቸው ጎንበስ ብለው ወንፊቱን ጥቂት ተመለከቱና፣ «ስታበቃ አፈሩን ከነበረበት መልሰው» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የተረፈውን ሁልጊዜ እመልሳለሁ።

በዚህ ተራራ ላይ ነፍሳት በመልቀም እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በ1926 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት ከጆሴፍ ኦመር-ኩፐር ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከጀምጀም ደንና ከዝቋላ የሰበሰባቸው ጢንዚዛዎች ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ከእርሱም በፊት ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ፣ በምፅዋ የመንግሥቱ ምክትል ቆንስል የነበረው፣ የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የሚገልጽ መጽሐፍ በ1882 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመ ሰው ሲሆን፣ የሕይወት ዘመን ሙያው ግን እንደ እኔይቱ ያሉ፣ በረገፈ ቅጠል ሥር የሚኖሩ ደቃቅ ጢንዚዛዎች ነበሩ። ከአንድ አለት የታነፀ ቤተ መቅደስንና የሁለት ሚሊሜትር ነፍስን በአንድ ዓይን ማየት የቻለ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል።

ለአንድ ዝርያ አዲስ ስም ሲሰጥ፣ ስሙ ለዘላለም የሚታሰርበት አንድ ናሙና «አብነት» ተብሎ ይለያል፤ ኋላ የሚመጣ ሁሉ የሚያመሳክረው ከእርሱ ጋር ነው። የቀደሙት አብነቶች ለንደንና ፓሪስ ስለሆኑ፣ የአገሬን ጢንዚዛ «አዲስ ናት» ለማለት ከአገሬ ውጭ ያሉትን እኅቶቿን ማየት ይኖርብኛል። ይህን እንደ በደል የሚቆጥሩ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ ግን ከበደሉ ይልቅ የተጻፈላቸውን ወረቀት አስባለሁ፤ ስፍራውና ዘመኑ በደንብ ስለ ተመዘገበ ከመቶ ዓመት በኋላም ምስክርነታቸው ይጸናል።

የወረቀትን ነገር በራሴ ጥፋት ነው የተማርሁት። በመጀመሪያው ዓመት ብልቃጦቼ ውስጥ የጨመርኋቸውን ወረቀቶች በእስክሪብቶ ጽፌ ነበርና፣ ከወራት በኋላ ስከፍታቸው አልኮሉ ሰማያዊ ሆኖ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አርባ ብልቃጥ ሙሉ ነፍሳት፣ ከየት እንደ መጡ የማይናገሩ! የብራና ጸሐፊዎቻችን በጥላሸት የበጠበጡት ቀለም አልኮልን አይፈራም ነበር፤ እኔ ከዚያ ወዲህ በእርሳስ እጽፋለሁ።

ጢንዚዛይቱን በሚመለከት፣ «አዲስ ዝርያ አገኘህ አሉ» የሚለኝ ሰው አልጠፋም። መልሴ ገና ነው። በዚህ ወገን ያሉ ዝርያዎች በውጭ መልካቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ በእርግጠኝነት የሚለዩት ከፀጉር በቀጠነው የወንዱ ብልት ቅርጽ ነው፤ በእጄ ያለችው ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፣ እርሷም ሴት። ስም ልስጣት ብል የሚከለክለኝ ሕግ ባይኖርም፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ እንቆቅልሽ አውርሼ መሄድ ይሆንብኛል።

ብልቃጧ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ በውስጧ ያለው ወረቀት «ዝቋላ፣ ከጽድ ሥር» ይላል፣ በእርሳስ። በጥቅምት 5 ተሳላሚው ሲወጣ፣ ክረምቱ ያራሰው ቅጠል ሳይደርቅ፣ ወንፊቴን ይዤ ወንዱን ፍለጋ እወጣለሁ።