የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች፦ የሶዶ ተማሪዎች ልብ አንጠልጣይ ፊልም እኩዮቻቸውን እንዴት ይይዛል?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፊልም የሚያየው ብዙውን ጊዜ ሲኒማ ቤት ገብቶ አይደለም። ስልክ ቤት ሄዶ ሚሞሪው ላይ ያስጭናል፣ ከጓደኛው በዜንደር ይቀበላል፣ ቴሌግራም ላይ ያወርዳል፣ ቁርጥራጩን ቲክቶክ ላይ ያያል። ተራኪ በአማርኛ እየተረጎመ የሚያስኬደውን የሕንድ ወይም የኮሪያ ፊልም ሌሊቱን ሙሉ ይጨርሳል። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ በስልክ ቀርጾ የሚያወጣው ፊልም የሚወዳደረው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። «የራሳችን ልጆች የሠሩት ስለሆነ ታገሡን» ማለት ለአስተማሪና ለወላጅ ይሠራ ይሆናል፤ ለእኩያ ግን አይሠራም። አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ናት፤ ካልጣመው ያልፈዋል።

ስለዚህ ነገሩ የሚለየው በመግቢያው ነው። በእንግሊዝ አገር የሚዲያ ትምህርት የሚወስዱ ተማሪዎች ለዓመታት ሲሰጣቸው የኖረ ሥራ ነበር፦ የአንድ አዲስ ፊልም የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ሠርታችሁ አምጡ የሚል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ልብ አንጠልጣይ ይመርጡ ነበር፤ ምርጫቸውም ብልህነት አለው። ኮሜዲ ጎበዝ ተዋናይ ይፈልጋል፣ የፍቅር ፊልም ሁለት ጎበዝ ተዋንያን ይፈልጋል። ልብ አንጠልጣይ ግን ጥሩ ሐሳብ፣ አንድ ባዶ ኮሪደርና አንድ የእግር ኮቴ ካገኘ ይቆማል። ሁለት ደቂቃ ደግሞ በሁለት ቅዳሜ ተቀርጾ ያልቃል።

የጀማሪ ሥራ የሚወድቀው የት እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። ከአጎት የተዋሱት ኮት፣ ጥቁር መነጽር፣ የፕላስቲክ ሽጉጥ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገር ዛቻ። ከዚያ በፊት ደግሞ አርባ ሰከንድ የሚፈጅ የፕሮዳክሽን አርማና የስም ዝርዝር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሲያይ ይስቃል፤ ሳቁም ተገቢ ነው። ያንን ኮት የለበሰ ገዳይ መንገድ ላይ አግኝቶት አያውቅም። የማያውቀውን ሰው ደግሞ አይፈራም።

ፍርሃት እንዴት እንደሚሠራ ከሁሉ አጥርቶ ያስረዳው አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ በሰጠው ረጅም ቃለ ምልልስ ላይ የተናገረው ነገር ዛሬም የፊልም ተማሪ ሁሉ የሚጠቅሰው ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ እንበል። ድንገት ከሥር ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ይደነግጣል፤ አለቀ። ቦምቡ መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት አስቀድሞ ካወቀ ግን ያ ተራ ወሬ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል፤ «ተነሡ፣ ውጡ!» ሊላቸው ይፈልጋል። ልዩነቱ ተመልካቹ የሚያውቀውና ባለታሪኩ የማያውቀው ነገር መኖሩ ነው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም።

ይህንኑ ወደ ሶዶ እናምጣው። የጊፋታ ዋዜማ ነው። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባና ሌላም ከተማ ወጥቶ የሚሠራ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መናኸሪያ ቆማ ወንድሟን ትጠብቃለች። ወንድሟ አዲስ አበባ ሊስትሮ ሆኖ ከርሟል። አውቶቡሱ ይገባል፣ ሰው እየተጋፋ ይወርዳል፣ እሱ የለም። የእሱን ጃኬት የለበሰ የማታውቀው ልጅ ግን ይወርዳል። በሕዝቡ መሐል ትከተለዋለች። ስልኳ ይንጫረራል፤ የተደወለው ከወንድሟ ቁጥር ነው። ታነሣዋለች። «እንዳትከተዪው» ይላል ድምፁ። ስክሪኑ ይጨልማል፣ የፊልሙ ስም ይወጣል።

እዚህ ውስጥ ደም የለም፣ ጠመንጃ የለም። ያለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ወንድሟ የት ነው? የሂችኮክን ዘዴ ለመጨመር የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ሾት ብቻ ነው፦ አውቶቡሱ ሶዶ ከመግባቱ በፊት ያ ልጅ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጃኬቱን ሲለብስ ካሳያችሁ፣ ተመልካቹ ከእህቲቱ ቀድሞ ያውቃል። እሷ እየሳቀች አውቶቡሱን ስትጠብቅ ተመልካቹ መጨነቅ ይጀምራል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ግን በሁለቱም መንገድ ቀርጻችሁ ለሰው አሳዩ።

ታዳጊ ተመልካች የሚያዘው ራሱን ሲያይ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ታሪኩን የሚያስነሣው በአሥራ አራት ዓመቷ ሂሩት ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ይጠልፏታል። አደጋው የተቀመጠው ተማሪዋ በየቀኑ በምትሄድበት መንገድ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ያንን መንገድ ያውቀዋል። ስለዚህ የናንተም ባለታሪክ የፖሊስ መርማሪ አይሁን። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የአርባ ዓመት መርማሪ ሆኖ ሲተውን ማንም አያምነውም፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ሲፈራ ግን ሁሉም ያምነዋል። ሴት ልጅ ስታስገቡም እየጮኸች የምትሮጥ ብቻ አታድርጓት። ትከተል፣ ትጠይቅ፣ ትወስን። ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ተመልካቾቻችሁ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

ክፉው ሰው ላይ ትንሽ ቆም እንበል። «ሰው ለሰው» ድራማ በቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ጊዜ አገሩን ሁሉ ያነጋገረው ገጸ ባሕርይ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ነበር። አስናቀ ፊቱ ላይ ጠባሳ የለውም፣ በጨለማም አይሸሸግም። ሥነ ሥርዓት ያለው፣ የተከበረ ባለሀብት ነው፤ ያስፈራውም ይኸው ነው። ወላይታ ውስጥም ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚያከብረው፣ ለልጆች ከረሜላ የሚገዛ ሰው ከየትኛውም ጭምብል ይልቅ ያስፈራል። መግቢያው ላይ ደግሞ ጨርሶ ባይታይ ይመረጣል። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ጆውስ» ሲሠራ ሜካኒካሉ ሻርክ በጨው ውኃ እየተበላሸ አስቸገረው፤ ዓሣውን አብዝቶ ሳያሳይ ለመሥራት ተገደደ። መግቢያው ላይ የምትዋኘው ልጅ ስትጎተት እንጂ ጎታቹ አይታይም፤ ፊልሙ በዚያ አተረፈ እንጂ አልተጎዳም። ጆን ካርፔንተር ደግሞ በ1978 እ.ኤ.አ. «ሃሎዊን»ን የከፈተው ካሜራውን የገዳዩ ዓይን አድርጎ ነው፤ ጭምብሉ ሲወልቅ የስድስት ዓመት ሕፃን ሆኖ ይገኛል። ስልክ በእጅ ይዞ ለሚቀርጽ ተማሪ ከዚህ የሚቀል ዘዴ የለም።

ቋንቋውስ? ቤት ውስጥ ወላይትኛ፣ ትምህርት ቤት ከአማርኛ ጋር የተቀላቀለ፣ ጓደኛ መሐል ደግሞ የራሳቸው የሆነ አነጋገር። ገጸ ባሕርያቱ በዚያው ይናገሩ፣ ከሥር በአማርኛ ይጻፍ። እናት ልጇን በአማርኛ ድራማ አነጋገር ስትጠራ የሶዶ ልጅ ውሸቱን በሁለት ሰከንድ ያውቀዋል። ከወላይታ ውጭ ያለው ተመልካች ጽሑፉን ያነባል፤ የኮሪያውንም ጽሑፍ እያነበበ ሲያይ ኖሯል።

ቦታን በተመለከተ አንድ ፈተና አለ። ከከተማዋ በላይ የቆመው የዳሞታ ተራራ በክረምት ጭጋግ ሲለብስ ካሜራ ላለው ሁሉ ይጣራል። ውብ ነው፤ ግን ውብ ተራራን ለአንድ ደቂቃ ማሳየት የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው እንጂ ልብ አንጠልጣይ አይደለም። ጭጋጉ ሥራ ይሥራ፦ ከፊት የሚሄደው ልጅ ይታይ ነበር፣ አሁን አይታይም። ዳሞታ ላይ ያለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ሰዎች ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩበት፣ የአገር ውስጥና የውጭ ተመራማሪዎች የቆፈሩት ቦታ ነው። ለታሪክ ሐሳብ ወርቅ ነው፤ ለቀረጻ ግን ያለ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አትግቡ፣ እሳት አታንድዱ፣ ድንጋይም አታንሡ።

ብርሃንና ድምፅ ላይ ጥቂት ነገር ልበል። ስልክ በጨለማ ሲቀርጽ ምስሉ ይሻክራል። የሌሊት ትዕይንት ሊነጋ ሲል ወይም ፀሐይ እንደገባች ቅረጹ፤ ከመብራት መጥፋትም ትድናላችሁ። ከምስል ይልቅ ተመልካች የሚያባርረው ግን መጥፎ ድምፅ ነው። የሁለተኛ ስልክ ማዳመጫ ማይክ ተናጋሪው ልብስ ውስጥ ደብቃችሁ ለብቻው ቅዱ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ንግግር መቅዳት አይቻልም፤ ዝናቡን ራሱን ግን ቅዱት፣ በኋላ የትኛውም ጸጥታ ሥር ብታስገቡት ያስጨንቃል። ባጃጅ ከሩቅ ሲመጣና ድንገት ሲቆምም እንዲሁ። ሙዚቃ ከኢንተርኔት አውርዶ መለጠፍ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀውን የባለቤትነት መብት መንካት ነው፤ ዩቲዩብም ድምፁን ሊያጠፋባችሁ ይችላል። ክበቡ ውስጥ ከበሮ ወይም ዋሽንት የሚችል ልጅ ካለ ሥራ ስጡት።

መሣሪያ የለንም የሚል ሰበብ ከአፍሪካ ልጆች ጋር አያዛልቅም። የናይጄሪያ ካዱና ወጣቶች፣ ራሳቸውን «ዘ ክሪቲክስ» ብለው፣ በተሰነጠቀ ስልክ በሠሯቸው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አወቃቸው። በቀጣዩ ዓመት «ኢኮሮዱ ቦይስ» የተባሉት ልጆች የኔትፍሊክሱን «ኤክስትራክሽን» ማስታወቂያ በቤት ዕቃ አስመስለው ሠሩት፤ የፊልሙ አዘጋጆች ወደ ቀጣዩ ክፍል ምረቃ ጋበዟቸው። ከካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር የወጣው የዳይሬክተር ናብዋና «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» ላይ ደግሞ ተራኪ ከፊልሙ በላይ እየጮኸ ይቀልዳል፤ የኛ ትርጉም ፊልም ተመልካች ቢያየው እንግዳ አይሆንበትም።

ተመልካቹን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሁለት ደቂቃው ከመውጣቱ በፊት ባለ አሥራ አምስት ሰከንድ ቁራጭ ለቲክቶክና ለቴሌግራም አዘጋጁ፤ በቁም የሚታይ፣ ድምፅ ተዘግቶም የሚገባ። መልሱን አትንገሩ። ከላይ ባለው ምሳሌ ጃኬቱና «እንዳትከተዪው» የሚለው ጽሑፍ ይበቃል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሚኒ ሚዲያው በድምፅ ማጉያ የወንድሟን ስልክ ጥሪ ብቻ ያሰማ፤ የምን ድምፅ እንደሆነ ሳይናገር ሦስት ቀን ይቆይ። ስልክ ቤቶቹን ለምኑ፤ ፊልም ለሚያስጭን ልጅ ሁሉ የናንተን በነፃ ይጨምሩለት። የከተማዋ ወጌታ ኤፍ ኤም 96.6ንም ማንኳኳት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ፈትሹ። ፊልሙን የማያውቁ ስድስት ሰባት ተማሪዎች፣ ከተለያየ ክፍል፣ ሰብስባችሁ ምንም ሳታብራሩ አሳዩ። የሰባተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ አንድ ዓይነት ተመልካች አይደሉም። እናንተ ስክሪኑን ሳይሆን ፊታቸውን ተመልከቱ። ስልኩን የሚያወጣ ልጅ ስልኩን ያወጣበት ሰከንድ መቆረጥ ያለበት ነው። ሲያልቅ «ወደዳችሁት?» አትበሉ፣ ሁሉም በይሉኝታ አዎ ይላል። «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በሉ። ልጆቹ መጨቃጨቅ ከጀመሩ ሠርታችኋል፤ ዝም ካሉ ወደ ኤዲቲንግ ተመለሱ።

አንድ ነገር ያለ ቀልድ ይነገር። መናኸሪያና መንገድ ላይ የጠለፋ ወይም የድብድብ ትዕይንት ስትቀርጹ ቀበሌና ፖሊስ አስቀድሞ ይወቅ፣ የሚተውኑት ልጆች ወላጆች ይፍቀዱ፣ አስተማሪ አብሮ ይቁም። አላፊ አግዳሚው ፊልም መሆኑን አያውቅም፤ ሊያድን ብሎ የሚደርሰው ሰው ዱላ ይዞ ይሆናል። ከተማዋ ውስጥ በእውነት የተፈጸመ ወንጀልም፣ የሟች ቤተሰብ ገና እያለቀሰ፣ ለመግቢያ አይወሰድ።

ትምህርት ተከፍቶ ክበቡ እስኪደራጅ ጊፋታ አልፎ ይሄዳል፤ ያን ሰሞን መናኸሪያውን የሚሞላውን ሕዝብ ደግሞ በገንዘብ አታገኙትም። ስለዚህ ስክሪፕቱን በሰኔ ጨርሳችሁ ፈቃዱን በነሐሴ ጠይቁ።