ከጤፉ ጋር የሚሄደው አፈር

ማኛ ጤፍ የሚገዛ ሰው ወፍጮ ቤት በር ላይ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለ። ከጆንያው በእፍኙ ይዘግንና መዳፉ ላይ እፍ እያለ አፈር እንዳለበት ያያል። ከጠራለት ዋጋ ይከራከራል። ጤፉ የበቀለበት የአዳ መረሬ አፈር ግን አብሮ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ያለው በእያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ነው።

ጤፍ ስታርቹን የሚሠራው ከአየርና ከውሃ ስለሆነ በዚህ በኩል መሬቱ ብዙም አይጎዳም። ፕሮቲኑ ግን ያለ ናይትሮጅን አይሆንም፤ ፎስፈረሱንና ብረቱንም ሥሩ ከማሳው ይመጥጣል። በአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅንና ከ300 እስከ 400 ግራም የሚደርስ ፎስፈረስ አለ። ገበሬው 15 ኩንታል ሲሸጥ 22 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ሸኘ ማለት ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን የዩሪያ ከረጢት የሚይዘው 23 ኪሎ ነው። አንድ ከረጢት ሊሞላ ምንም አልቀረው! ያውም ከሚበተነው ዩሪያ ከፊሉ ታጥቦ፣ ከፊሉ ወደ አየር ተኖ ሰብሉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ገጠር ምርቱን እዚያው ሲበላ አመዱም፣ ፍጉም፣ ትራፊውም ጓሮ ይደፋል፤ የጓሮ አፈር ጠቆር ለስለስ ብሎ በቆሎው የሚፋፋው ለዚህ ነው። ከተማ የገባው ግን አይመለስም። ኩበቱ ሳይቀር ለማገዶ ይሸጥና ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል።

የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው። ለአሥርት ዓመታት ማረፊያው ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ነበር። ከሥር የታፈነ ትራፊ አየር ስለማያገኝ ሚቴን ጋዝ ያወጣል እንጂ ለእርሻ የሚሆን ብስባሽ አይወጣውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ያን ቀን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ማሳ የተራበው ነገር ሰው ላይ ተናደ።

ከተማ ለገጠር ምንም አይሰጥም ማለቴ አይደለም። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ወጥቶ የብዙ ገበሬ ምርት ጨምሯል። ነገር ግን ብዙ የሚያፈራ ዘር ከመሬትም ብዙ ይወስዳል።

የተወሰደውን ለመሬት ሊመልስ የሚችለውን ብስባሽ ከንቱ የሚያደርገው ከሌላ ቆሻሻ ጋር መቀላቀሉ ነው። የባትሪ ድንጋይና የጠርሙስ ስባሪ የገባበትን ገበሬ ማሳው ላይ አይበትንም። የከተማው አስተዳደር ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት የሚበሰብሰውን ለብቻው የሚረከቡበትን መንገድ ያመቻች። እኛም የድንቹን ልጣጭና የጎመኑን ግንድ ከፌስታሉ ለይተን እናቆያቸው።