በወረቀት ላይ ብቻ የሚሰለፉ የክሪኬት ቡድኖች

ባለ ጭብጥ ምርጥ 11 የክሪኬት አፍቃሪዎች በወረቀት ላይ የሚያቋቁሙት፣ ሜዳ ገብቶ የማያውቅ ቡድን ነው። መራጩ መጀመሪያ አንድ የሚያስቅ መስፈርት ያወጣል፤ የቤተሰብ ስማቸው የሙያ መጠሪያ የሆነ፣ በሪዛቸው የሚታወቁ፣ መነጽር አድርገው የተጫወቱ ወይም ልብ ወለድ የጻፉ ይላል። ከዚያ ክሪኬት ከተጀመረበት ዘመን እስከ ዛሬ ከተጫወቱት ሁሉ መስፈርቱን የሚያሟሉ 11 ሰዎችን ፈልጎ ያሰልፋል። ቡድኑ የሌለ ቢሆንም ተሰላፊዎቹ በእውን የነበሩ፣ ውጤታቸውም በመዝገብ የሰፈረ መሆን አለበት። ሳቁ ከመስፈርቱ ይመጣል፤ ክብደቱ ግን ከዚህ ሕግ ነው።

ክሪኬት በሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ፣ ዋነኛው ዓይነቱም ቴስት ተብሎ በሁለት አገሮች መካከል እስከ 5 ቀን የሚዘልቅ ጨዋታ ነው። አንዱ ቡድን መቺውን ለማስወጣት ኳስ ሲወረውር ሌላው በእንጨት ዱላ እየመታና እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። ስለዚህ 11 ጎበዞችን መደርደር ብቻውን ቡድን አያሰኝም። አዲስ ኳስ የሚጋፈጡ ሁለት ከፋች መቺዎች፣ ከእነሱ ቀጥለው ነጥብ የሚያከማቹ ሦስት ወይም አራት ሰዎች፣ መምታትም መወርወርም የሚችል ሁለገብ፣ ከመቺው ጀርባ የሚቆም ዊኬት ጠባቂ፣ ፈጣን ወርዋሪዎችና ኳስ የሚያሾር ቢያንስ አንድ ወርዋሪ ያስፈልጋሉ። ባለ ጭብጥ ቡድን የሚመዘነውም በዚሁ ሚዛን ነው። በሚያስቁ ስሞች የተሞላ፣ ዊኬት ጠባቂ የሌለው ቡድን ከስም ዝርዝር አያልፍም።

ይህ ልማድ በክሪኬት ዙሪያ የበረታበት ምክንያት አለ። ዊዝደን የተባለው የክሪኬት ዓመታዊ መጽሐፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1864 ጀምሮ ይታተማል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ቀን ብቻ የተጫወተ ሰው እንኳ ከነነጥቡ ይገኛል። ጨዋታው ረጅም በመሆኑም ተመልካቹ ለወሬ ሰፊ ጊዜ አለው፤ ዝናብ ሲያቋርጠው፣ ለምሳና ለሻይ ሲበተን ክርክሩ ይጀመራል። ዊዝደን በ2013 ለ150ኛ እትሙ የምንጊዜም ምርጥ የዓለም ቡድን ሲመርጥ ደብልዩ ጂ ግሬስ፣ ዶን ብራድማን፣ ጋርፊልድ ሶበርስ፣ ሳቺን ቴንዱልካር እና ሼን ዋርን ከተመረጡት መካከል ነበሩ። ከእነዚህ ስሞች ጋር መከራከር ደግሞ አስቸጋሪ ነው። በቴስት አማካይ ውጤቱ 99.94 የሆነውን አውስትራሊያዊ ብራድማን ከቡድን የሚያስቀር መራጭ አይገኝምና ክርክሩ ቶሎ ያልቃል። መስፈርቱ የሙያ ስም ሲሆን ግን ብራድማን ከውጭ ይቀራል፣ ሜዳውም ለተረሱት ይከፈታል። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ፋይዳ ይህ ነው።

በጭብጥ መቧደን በእውነተኛ ሜዳም ታይቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስማቸው «ቢ» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጀምር ተጫዋቾች አንድ ቡድን ሆነው ከእንግሊዝ ምርጦች ጋር ይጋጠሙ ነበር። በ1810 በለንደን በቀድሞው የሎርድስ ሜዳ ይህ ቡድን በአንድ ዙር በሙሉ 6 ነጥብ ብቻ አስመዝግቦ ወጣ፤ ከዚያ ያነሰ ውጤት በታላላቅ የክሪኬት ግጥሚያዎች መዝገብ አይገኝም። በ1871 ባለትዳሮች ከላጤዎች፣ በ1884 ደግሞ ሲጋራ የሚያጨሱ ከማያጨሱ ጋር በአሁኑ የሎርድስ ሜዳ ተጫውተዋል።

በወረቀት ከሚሠሩት ሁሉ የተለመደው የሙያ ስሞች ቡድን ነው። በእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚወርድ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ወጥ ቤት የነበረ ሰው ዘሮቹ ዛሬም ኩክ ይባላሉ፤ የልብስ ሰፊው ቴይለር፣ የባለወፍጮው ሚለር፣ የብረት ቀጥቃጩ ስሚዝ ተብለው ቀርተዋል። ከፋቾቹን መምረጥ አያስቸግርም። አንዱ እንግሊዛዊው አላስተር ኩክ ነው፤ በ161 ቴስት 12,472 ነጥብ ሰብስቧል። ሁለተኛው የአውስትራሊያ የቀድሞ አምበል ማርክ ቴይለር ነው። ቴይለር በ1998 በፓኪስታኗ ፔሻዋር ሳይወጣ 334 ነጥብ ደርሶ አደረ፤ ይህም የብራድማን ትልቁ ውጤት ነበር። በማግስቱ አንድ ነጥብ ቢጨምር የአገሩን ክብረ ወሰን ብቻውን ይይዝ ነበር። እሱ ግን ለቡድኑ ጊዜ ለማትረፍ የመምቻ ዙሩን በዚያው ዘጋ። የሙያተኞቹ አምበልነት ከእሱ ሌላ ለማንም አይገባም።

በሦስተኛነት ሥጋ ሻጩ ማርክ ቡቸር ይገባል፤ በ2001 በሊድስ አውስትራሊያን ያሸነፈው የ173 ነጥብ ምቱ ለዚህ ይበቃዋል። አራተኛው ስቲቭ ስሚዝ በ2010 ለአውስትራሊያ ሲጀምር ኳስ የሚያሾር ወርዋሪ ተብሎ ስምንተኛ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ በኋላ የዘመኑ ታላቅ መቺ ሆነ። አምስተኛው ኪዝ ፍሌቸር ነው፤ ፍሌቸር ማለት ፍላጻ ሠሪ ነው፤ ዘጠነኛ ላይ ደግሞ ቀስተኛው ጆፍራ አርቸር ይጠብቀዋል። አርቸር በ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እኩል ለእኩል ሲያልቅ የመለያውን ዙር ለእንግሊዝ የወረወረው ወጣት ነው። ፍላጻ ሠሪውና ቀስተኛው በአንድ አሰላለፍ መገናኘታቸው መራጭን ከሚያስደስቱ ነገሮች አንዱ ነው።

ስድስተኛው ኪዝ ሚለር ቡድኑን ያቆመ ምሰሶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረው ይህ አውስትራሊያዊ በ55 ቴስት 2,958 ነጥብ አስቆጥሮ 170 መቺዎችን አስወጥቷል። ዊኬት ጠባቂው ሕንዳዊው ፋሩክ ኢንጂነር ነው። ፓርሲ የተባሉት የቦምቤይ ነዋሪዎች በብሪታንያ ዘመን ሙያቸውን የቤተሰብ ስም ያደርጉ ስለነበር ኢንጂነርም ኮንትራክተርም ከእነሱ ይገኛሉ። ስምንተኛው ፀጉር አስተካካዩ ቦብ ባርበር ነው፤ ኳስ ያሾራል፣ በ1966 በሲድኒ ደግሞ 185 ነጥብ መትቷል። አሥረኛው የዌስት ኢንዲሱ ፈጣን ወርዋሪ ኢያን ቢሾፕ ነው፤ ጵጵስና ከሙያ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ቢሆንም በ43 ቴስት ያስወጣቸው 161 መቺዎች ይከራከሩለታል። መጨረሻ ላይ የኒውዚላንዱ ኒል ዋግነር ይሰለፋል።

12ኛው ተጫዋች፣ ማለትም ተጠባባቂው፣ ናሪ ኮንትራክተር ነው። ኮንትራክተር የሕንድ አምበል ሆኖ በ1962 ባርቤዶስ ውስጥ ሲጫወት ከቻርሊ ግሪፊዝ የተወረወረ ኳስ የራስ ቅሉን ሰበረው። ደም ከለገሱለት መካከል የዌስት ኢንዲሱ አምበል ፍራንክ ዎረል ይገኝበታል። ኮንትራክተር ሕይወቱ ቢተርፍም ቴስት ዳግመኛ አልተጫወተም፤ አምበልነቱን የ21 ዓመቱ ማንሱር አሊ ካን ፓታውዲ ተረከበ። ለሳቅ ተብሎ የተጀመረ የስም ፍለጋ እንዲህ ያለ ታሪክ ላይ ያደርሳል።

ዳኛም ይመረጣል፤ ለዚህ ቡድን ከእረኛው ዴቪድ ሼፐርድ የተሻለ የለም። በ92 ቴስትና በሦስት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች የዳኘው ይህ ወፍራም እንግሊዛዊ፣ በአገሩ ክሪኬት ገደቢስ የሚባለው 111 ነጥብ ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ቁጥሩ እስኪያልፍ ድረስ በአንድ እግሩ እንጣጥ ይል ነበር። በ222 እና በ333ም እንዲሁ ያደርግ ስለነበር ተመልካቹ ከጨዋታው ይልቅ እሱን የሚያይበት ጊዜ ነበር።

የዚህ ቡድን ድክመት ግልጽ ነው። ከኩክ እስከ ቡቸር ሦስቱም በግራ የሚመቱ ናቸው፣ ባርበርም ያው ነው፤ ኳስ አሿሪዎቹም ባርበርና፣ ሲቸግር፣ ስሚዝ ብቻ ናቸው። እንግሊዛዊው ኳስ አሿሪ ጄፍ ሚለር ቢገባ ክፍተቱ ይሞላል፤ ግን በሙያ ስሞች ቡድን አንድ ስም አንዴ ብቻ ይገባል የሚለው ሕግ ይከለክላል። ይህ ሕግ የሚደገፍ ነው፤ ካልተከበረ ቡድኑ በቴይለሮችና በስሚዞች ይሞላል። ሌላው የክርክር ምንጭ ቋንቋ ነው፤ ዋግነር ሠረገላ ሠሪ የሚሆነው በጀርመንኛ ነው። ጥብቅ መራጮች አይቀበሉትም፤ ሰፋ ያለ ልብ ያላቸው ግን 260 መቺ ያስወጣን ወርዋሪ በቋንቋ አይጥሉም።

በስም ላይ ያልተመሠረቱ ጭብጦችም አሉ። የሪዘኞች ቡድን ከአውስትራሊያዊው ሜርቭ ሂውዝ ይጀምራል። የስም መነሻ ፊደላት ቡድን ማይክል ኮሊን ካውድሪን ያለ ክርክር ይይዛል፤ አባቱ የልጁ ስም መነሻዎች ከሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ጋር እንዲገጥሙ አድርጎ ነው የሰየመው። የጸሐፊዎች ቡድን ሳሙኤል ቤኬትን ያሰልፋል፤ የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ቤኬት በ1925 እና በ1926 ለደብሊን ዩኒቨርሲቲ ተጫውቷል። አርተር ኮናን ዶይል ይከተለዋል፤ በከፍተኛ ደረጃ ግጥሚያ ያስወጣው አንድ መቺ ብቻ ቢሆንም ያ አንዱ ታላቁ ግሬስ ነበር።

ጥሩ ጭብጥ ልኩን የጠበቀ ነው። ግራ እጅ ብቻ የሚል መስፈርት ሶበርስን፣ ብራያን ላራን፣ ዋሲም አክራምን ስለሚያስገባ ተራ ምርጥ ቡድን ይሆናል። የጳጳሳት ቡድን በአንጻሩ ከቢሾፕና ከኦሊ ፖፕ ብዙ አይርቅም፤ በኋላ የሊቨርፑል ጳጳስ የሆነው የእንግሊዙ ዴቪድ ሼፓርድ በሙያው ቢጨመርም 11 አይሞላም። መካከለኛው የአትክልት ቡድን ነው። ጆ ሩት ሥሩ፣ የዚምባብዌዎቹ ወንድማማቾች አንዲና ግራንት ፍላወር አበቦቹ፣ ፈጣኑ ማርክ ውድ እንጨቱ፣ አውስትራሊያዊው ካሜሮን ግሪን አረንጓዴው ይሆናሉ። አንዲ ፍላወር ዊኬት ጠባቂም ስለሆነ አስቸጋሪው ቦታ ይሸፈናል። ኳስ አሿሪው ዴሪክ አንደርውድ፣ ማለትም ከዛፍ ሥር ያለው፣ በ1968 በለንደኑ ኦቫል ተመልካቾች ወርደው የዝናቡን ውኃ ከሜዳ ካደረቁለት በኋላ ለመጨረሻዎቹ አውስትራሊያውያን መቺዎች አልተቻለም። ከውድ ጋር አዲሱን ኳስ የሚካፈለው ደግሞ ለእንግሊዝ 9 ቴስት የተጫወተው አለን ሞስ፣ የዛፍና የድንጋይ ሽበቱ ነው።