«ቀልዴን እኮ ነው!» በግቢ ውስጥ ስለሚደርስ ማሸማቀቅ ተማሪዎች ምን ያስባሉ?

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያገኙ እንደሆነ «በግቢያችሁ ተማሪ ተማሪን ያጠቃል ወይ?» ብለው ይጠይቁት። ምናልባት «ኧረ የለም፣ እሱ የልጆች ነገር ነው» ይልዎት ይሆናል። ጥያቄውን ለወጥ አድርገው «ሙድ የሚያዝበት ልጅስ አለ?» ቢሉት ግን ፈገግ ብሎ ስም መጥራት ሊጀምር ይችላል።

ተማሪው አልዋሸም። ለዚህ ነገር በአማርኛችን ሁሉም የሚስማማበት አንድ ስም ስለሌለ ነው። ተረብ፣ ፉገራ፣ ለከፋ፣ ሙድ መያዝ እንላለን፤ አብዛኞቹም ጨዋታ ጨዋታ የሚሉ ቃላት ናቸው።

ለመሆኑ ጨዋታው ጥቃት የሚሆነው መቼ ነው? በኖርዌይ ለረጅም ዓመታት በዚህ ጉዳይ ምርምር ያደረጉት ፕሮፌሰር ዳን ኦልዌውስ ሦስት ምልክቶችን ያስቀምጣሉ። ድርጊቱ ሆን ተብሎ የሚፈጸም ነው፤ ይደጋገማል፤ በአድራጊውና በተደራጊው መካከል የአቅም አለመመጣጠን አለ። መጠይቃቸውም ተማሪዎችን ከመጠየቁ በፊት ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ያብራራል። በወዳጅነት የሚደረግ ቀልድና እኩል አቅም ያላቸው ሰዎች ጠብ ከዚህ እንደማይቆጠሩም ይናገራል።

በእኛ ግቢዎች ብዙ የሚያሳስተው ሦስተኛው ምልክት ነው። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ ይመስለናልና! ነገር ግን ትምህርት ሚኒስቴር ከቤቱ በጣም ርቆ የመደበውን አንድ ፍሬሽ ተማሪ ያስቡ። የዶርሙን ልጆች አያውቃቸውም፤ የአካባቢውንም ቋንቋ ገና አልለመደም። አነጋገሩን እየቀዱ ሲስቁበት፣ «ፋራ» ሲሉት፣ መልሶ የሚተርብበት ምን አቅም አለው? ስለዚህ አብሯቸው ይስቃል። እነርሱም ሳቁን አይተው «እሱም ተጫውቷል» ይላሉ። ተመልካቹ ቀልድ ብሎ የሚመዘግበው ይህንን ሳቅ ነው፤ ልጁ መብራት ከጠፋ በኋላ ምን እንደሚያስብ የሚያይ የለም።

«ባህል ነው፣ እኛም አልፈንበታል» የሚል ሌላ አስተያየትም አለ። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ ከሕንድ መማር ይቻላል። በዚያ አገር ነባር ተማሪዎች አዲሶችን «ራጊንግ» በሚባል ልማድ ያሰቃያሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ቢከለክለውም፣ በ2009 አንድ የ19 ዓመት የአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ በሲኒየሮቹ ተደብድቦ ሞተ። በዚያው ዓመት ጥብቅ ደንብ ወጣ፤ ተማሪውም ወላጁም በድርጊቱ ላለመሳተፍ በጽሑፍ ቃል እንዲገቡ ተደረገ፤ ነጻ የስልክ መስመርም ተከፈተ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም።

ዝም ብለው የሚያዩትስ? ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙትን ጥናት የሠሩት በኒውዮርክ በሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ አንድ ሰው በድንገት ሲታመም እንዲሰሙ አደረጓቸው። ብቻውን እንደሚሰማ ካመነው 85 በመቶው ለመርዳት ወጣ፤ ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብሎ ካሰበው ግን 31 በመቶው ብቻ። ስድስት ልጆች የሚያድሩበትን ዶርም ከዚህ ጋር ያስተያዩት። «እኔ ካልተናገርኩ ሌላው ይናገራል» እያለ ሁሉም ይተኛል።

እኛ አማኞችስ ከዚህ ነጻ ነን? ብዙዎቻችን በዶርም ስንጸልይ «ጴንጤ» እየተባልን ተስቆብናል፤ ሕመሙን እናውቀዋለን። ነገር ግን አንድ እህት ከፌሎሺፕ ስትቀር በሐሜት ከበን ያገለልናትስ እኛው አይደለንም? ያንን ደግሞ «ተግሣጽ» ብለን ስም አወጣንለት።

ጉዳዩ ለፕሮክተር ወይም ለተማሪዎች ዲን ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚቀለው መፍትሔ የተጠቃውን ልጅ ዶርም መቀየር ነው። ብርድ ልብሱን ተሸክሞ የሚወጣው እርሱ ነው፤ ሲስቁበት የነበሩት በአልጋቸው ይቀራሉ። አዲሱ ዶርም ከመግባቱ በፊትም ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ስለዚህ አቤት ከማለት ዝምታን ቢመርጥ፣ «ለምን አልተናገርክም?» ብለን እርሱን ብቻ መጠየቃችን ተገቢ አይመስለኝም።