የክረምት ትምህርት በልጁ ዕድሜ ልክ

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙም ሳይቆይ በመሐል ሜዳ ምሰሶዎችና የሱቅ በሮች ላይ «የክረምት ትምህርት ምዝገባ ጀምረናል» የሚሉ ወረቀቶች ይለጠፋሉ። መምህራን በክፍያ ያስጠናሉ፤ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጡ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ያስተምራሉ፤ ትንንሾቹ ፊደል ለመቁጠር ወደ የኔታ ዘንድ ይላካሉ። አዲስ አበባ ቢሆን ዋናው፣ ኮምፒዩተሩ፣ ሥዕሉና ቴኳንዶው ይጨመርበት ነበር። እዚህ ግን የክረምት ትምህርት ማለት በአብዛኛው ያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ያው ደብተር ነው።

የወላጆች ጥድፊያ ያለ ምክንያት አይደለም። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙ ቤት አስደንግጧል። በዚህ ላይ በክልላችን ባጋጠመው የጸጥታ ችግር ምክንያት ለወራት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ከክፍል ርቆ የቆየ ልጅ አለ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ክረምቱ የማካካሻ ዕድል ነው። ስለዚህ ልጆችን በክረምት አታስተምሩ አልልም። የምለው ሌላ ነው፤ የአምስት ዓመቷንና የአሥራ አምስት ዓመቱን ልጅ በአንድ ዓይነት ወንበር፣ ለአንድ ዓይነት ሰዓት ማስቀመጥ ትምህርት ሳይጨምር ጤና ይቀንሳል።

ሐምሌ ሲጋመስ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚደጋገም አቤቱታ አለ። «ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ከሰዓት ይተወዋል» ትላለች እናት። አባት ከጎን ሆኖ «ስንፍና ነው፤ ትምህርት ሲባል ነው የሚያመው» ይላል። መድኃኒት ከማዘዜ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ስንት ሰዓት ተኛ? ምን በልቶ ወጣ? ሰሌዳው ይታየዋል? ከእነዚህ በአንዱ መልሱ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዓይንን ላስቀድም። የሐምሌና የነሐሴ ጉም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ አገር ክፍሉን ያጨልመዋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ሰሌዳውን የሚያየው ዓይኑን አጨንቁሮ ነው። ይህን በቤት መፈተሽ ይቻላል። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይስቀሉና ልጁን አምስት ስድስት እርምጃ አርቀው ያቁሙት፤ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ቁጥሩን ያንብብ፤ ከዚያ ሌላውን። አንዱ ዓይን ያነበበውን ሌላው ካላነበበ፣ ወይም እርስዎ የሚያዩትን እሱ ካላየ፣ ልጁ ወደ ዓይን ምርመራ መሄድ አለበት። መነጽር እስኪገኝ ከፊት ወንበር ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ በብርሃን መዋል የቅርቡን ብቻ ማየትን፣ ማለትም የሩቅ እይታ መድከምን፣ እንደሚከላከል ጥናቶች ያሳያሉ። ቀኑን ሙሉ ደብተር ላይ ያቀረቀረ ልጅ ይህን ያጣል።

ራስ ምታቱ ልጁን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ጠዋት ከማስመለስ ጋር የሚመጣ ወይም ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር ከሆነ ግን ነገሩ የዓይን ወይም የእንቅልፍ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ።

ወደ ዕድሜ እንምጣ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሥራው ጨዋታ ነው። የእጅ አንጓው ትንንሽ አጥንቶች ገና እየጠነከሩ ያሉ በመሆናቸው ገጽ ሙሉ «ሀ»ን ደጋግሞ መጻፍ ያደክመዋል፤ እስክሪብቶውንም እንዲጠላ ያደርገዋል። ሊጥ መጠፍጠፍ፣ ጭቃ መሥራት፣ ባቄላ ከአተር መልቀም፣ ከአያት አጠገብ ተቀምጦ የበግ ጸጉር ማባዘት ጣቶቹን ለጽሕፈት ያዘጋጃሉ። ባና በሚሠራበት በመንዝ ይህ የክረምት ትምህርት በየቤቱ በነጻ አለ፤ እኛ ነን ትምህርት ብለን የማንቆጥረው። ፊደል መቁጠርም በዜማና በጨዋታ ከሆነ ደግ ነው፤ ለዚህ ዕድሜ በአንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ ይመክራል። እንቅልፋቸው የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው።

ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ላለው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው አቀላጥፎ ማንበብ ነው። ሰባት የትምህርት ዓይነት በክረምት ከመከለስ ይልቅ አማርኛ ማንበብንና ሂሳብን ብቻ፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ መሐሉ ላይ እረፍት ኖሮት መማር ይሻለዋል። የቀረው ጊዜ ለሩጫ፣ ለኳስ፣ ለገና ዱላ ይሁን። ከአምስት ዓመት ጀምሮ እስከ 17 ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። ዝናብ ባቆመ ቀን አስተማሪ ልጆቹን ይዞ ወደ ጓሳ ቢወጣ ደግሞ ሳይንሱንም እግሩንም አንድ ላይ ሠራ ማለት ነው። የአገሬው ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ በራሱ ሥርዓት የጠበቀው ሜዳ፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ከመጽሐፍ ሥዕል ይበልጣሉ።

ከ11 እስከ 14 ያሉ ሴት ልጆች ወላጆች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የወር አበባ በዚህ ዕድሜ ይጀምራል። የክረምት ትምህርት የሚሰጥበት ቤት መጸዳጃና ውሃ ከሌለው ልጅቷ በወር ሦስት አራት ቀን ትቀራለች፤ ምክንያቷንም ለማንም አትናገርም። ምዝገባ ስትሄዱ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መጸዳጃ ቤቱንም ጠይቁ።

ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁት ታላላቆቹ ችግራቸው እንቅልፍ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ሰውነት የመኝታ ሰዓቱን በተፈጥሮ ወደ ሌሊት ይገፋዋል፤ ልጁ እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት እንቅልፍ አይመጣልኝም ቢል ሁልጊዜ ማመካኛ አይደለም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚጀምር ማጠናከሪያ ይህን ይቆርጣል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢጀመር ተመሳሳይ ትምህርት የተሻለ ይገባል። የተማረው ነገር በአእምሮ የሚሰናዳው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፍን በጫት ወይም በደጋገሙት ቡና አባርሮ ማጥናት ብልጠት የሚመስላቸው አሉ፤ ልብ ያስመታል፣ ምግብ ያስጠላል፣ በማግስቱም ያነበቡትን ያስረሳል። ስልኩ ሲተኙ ሌላ ክፍል ይደር።

አሁን ስለ ቤቱ ራሱ ልናገር። ብርዱ ከባድ ስለሆነ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ አርባ ልጅ በጠባብ ክፍል ይታጨቃል። እከክና ቅማል የሚዛመቱት እንዲህ ነው። ቅማል ማሳከክ ብቻ ሳይሆን የሚያገረሽ ትኩሳትና ተስቦ ያስተላልፋል፤ ሁለቱም በብርድና በዝናብ ወራት፣ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ይበዛሉ። ልብስ በፈላ ውሃ መቀቀል፣ ጋቢና ኮፍያ አለመዋዋስ ይረዳል። ብርድ ብርድ እያለው የተኮሰውን ልጅ ወደ ክፍል አትላኩ።

ከዚህም የከፋው የከሰል ምድጃ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ሁለት ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ ራሳችንን አመመን፣ አዞረን፣ አቅለሸለሸን ካሉ ሌላ ነገር ሳይታሰብ ሁሉም ወደ ደጅ ይውጡ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። ለብርዱ ካልሲ፣ ደረቅ ጫማና ባና ይበቃል። በተረፈ ልጁ ቁርስ በልቶ ይውጣ፤ ኪሱ ውስጥ የገብስ ቆሎ ወይም በሶ ካለ የሱቅ ብስኩት አያስፈልገውም። ሰማይ ካጉረመረመ ደግሞ ከዛፍ ሥር እንዳይጠለል፣ የሞላ ወንዝ እንዳይሻገር አስቀድሞ ይነገረው። ለአንድ ቀን ትምህርት ሕይወት አይከፈልም።

ከከተማው ወጣ ያሉ ወላጆች «በጎቹን ማን ይጠብቅ?» ይሉኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ከንጋት ጀምሮ በዝናብ ሲጠብቅ የዋለን ልጅ ማታ ለሦስት ሰዓት ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ በጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ወንድማማቾች ቀን በቀን ቢፈራረቁ፣ ወይም ጎረቤታሞች መንጋቸውን ቀላቅለው በተራ ቢያስጠብቁ፣ ሁሉም በሳምንት ሦስት ቀን ይማራሉ። ሳምንቱን ሙሉ አንቀላፍቶ ከመማር ሦስት ቀን ነቅቶ መማር ይሻላል። አስተባባሪዎችም ፕሮግራሙን ሲያወጡ እረኛውን አስበው ያውጡ።

በመጨረሻ የተኩስ ድምፅ ሰምተው ወይም ከቤታቸው ተፈናቅለው ስለመጡ ልጆች። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቢከብዳቸው በጭንቅላታቸው ጉድለት አይደለም። ሌሊት መባነን፣ ቀድሞ ያቆመው ልጅ አልጋ ላይ መሽናት፣ በር ሲንኳኳ መደንበር፣ ከእናት ጉያ አለመለየት ይታይባቸዋል። ለዚህ ዱላና ማሸማቀቅ ፈጽሞ አይገባም። በተወሰነ ሰዓት የሚጀመርና የሚያልቅ ክፍል፣ የሚያውቁት አንድ አስተማሪ፣ ብዙ ሥዕልና ጨዋታ ለእነሱ መድኃኒት ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈተና የሚባል ነገር ባይኖር ጥሩ ነው። ምልክቶቹ ከወር በላይ ከቆዩ፣ ወይም ልጁ ምግብና ጨዋታ ከተወ፣ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። የአካል ቁስል ስለሌለው ብቻ «ምን ብዬ ላምጣው?» እንዳትሉ፤ «አይተኛም» ማለት በቂ ነው።

ክረምቱን የሚያስተምሩ ሁሉ ጳጉሜን ሲቃረብ ክፍላቸውን ቢዘጉ እመክራለሁ። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ ያሉት ቀናት ልጁ እንቅልፉን የሚያስተካክልበት፣ ዓይኑንና ጥርሱን የሚታይበት፣ ያመለጠው ክትባት ካለ የሚያገኝበት ጊዜ ይሁኑ።