በብራኬቱ ዙሪያ ያለችው ጠባብ ቦታ

ብሬስ የሚነቀልበት ቀን ለታካሚውም ለሐኪሙም የደስታ ቀን ነው። ተደራርቦ የኖረው ጥርስ ተሰልፏል፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቅ የነበረ ልጅ አሁን በግልጽ ይስቃል። አንዳንዴ ግን ሙጫው ተፍቆ ሲያልቅ፣ ብራኬት የሚባለው የብሬሱ ቁራጭ ተለጥፎበት የነበረውን ቦታ የከበበ፣ እንደ ኖራ የነጣ ምልክት ብቅ ይላል። ይህ የጥርስ መቦርቦር የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ያመጣውም ብረቱ ሳይሆን በብረቱ ጥግ ተሸሽጎ የከረመው የምግብ ትራፊና ባክቴሪያ ነው።

የብሬስ አሠራር ቀላል ነው፤ በየጥርሱ ፊት ብራኬት ይለጠፋል፣ ሽቦ ያያይዛቸዋል፣ ትንንሽ ላስቲኮች ሽቦውን ይይዙታል። ቀድሞ እያንዳንዱ ጥርስ በብረት ቀለበት ዙሪያውን ይታሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቡኦኖኮሬ በአሜሪካ ሮቼስተር፣ የጥርስን የላይኛውን ሽፋን ማለትም ኢናሜልን በአሲድ አሻክሮ ሙጫ እንዲይዝ የማድረጊያውን ዘዴ አሳተመ። ዛሬ ብራኬት በቀጥታ ጥርስ ላይ የሚለጠፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥርስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር በቀጥታ አልተጣበቀም። በመካከላቸው ከግማሽ ሚሊሜትር የሳሳ ጅማት አለ። ሽቦው ጥርሱን በቀስታ ሲገፋው፣ በተገፋበት በኩል አጥንት የሚያሟሙ ሴሎች ሥራ ይጀምራሉ፤ ከኋላው ደግሞ ሌሎች ሴሎች አዲስ አጥንት ይገነባሉ። ጥርስ በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል የሚጓዘው በዚህ ሁኔታ ስለሆነ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። የድድ ጤና የቁንጅና ጉዳይ ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው። የድዱ ሕመም ወደ አጥንቱ በዘለቀበት አፍ ውስጥ ጥርስን መግፋት የአጥንቱን መሸርሸር ያፋጥነዋል።

አሁን ወደ ነጩ ምልክት እንመለስ። በጥርስ ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች ስኳርና ዱቄት ነክ ምግብ ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ። በጥርሱ ገጽ ላይ ያለው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ካልሲየምና ፎስፌት ከኢናሜሉ ይወጣሉ። ምራቅ አሲዱን አርግቦ ማዕድኑን ይመልሳል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በብራኬቱና በድዱ መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ደግሞ ምራቅ በደንብ የማይደርስባት፣ ብሩሽም ዘልሎ የሚያልፋት ናት። ንጽሕናው ችላ ከተባለ ምልክቱ በ4 ሳምንት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ይህም ከአንዱ የክሊኒክ ቀጠሮ እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ ውስጥ ማለት ነው።

ስለዚህ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ድግግሞሹ ያሳስባል። በስኳር የጣፈጠ ሻይ ቀኑን ሙሉ ፉት የሚል ሰው ለምራቁ ፋታ አይሰጠውም። ከአቦል እስከ በረካ በስኳር የሚጠጣ ቡናም ያው ነው። ቡናው አይቅር፤ ስኳሩ ይቅር።

የሚደማ ድድ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ብሩሹን አርቀው ያስቀምጡና ድዱ «እስኪያርፍ» ይጠብቃሉ። ይህ ሕመሙን ያባብሰዋል። በዴንማርክ ኦርሁስ ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት እንደገና ሲጀምሩ ግን በሳምንት ገደማ ዳነ። የሚደማው ቦታ ብሩሹን አጥብቆ የሚፈልገው ቦታ ነው፤ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀስ ባለ እጅ።

አቦራረሱም ይለያል። ብሩሹ 45 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ በመጀመሪያ በድዱና በብራኬቱ መካከል፣ ቀጥሎ በብራኬቱ በሌላው ወገን ይሄዳል። ከሽቦው ሥር ለሚቀረው በጥርስ መሃል የሚገባ ትንሽ ብሩሽ አለ፤ የጥርስ ክርም በማስገቢያው ከሽቦው ሥር ይሾልካል። ከሁሉም የሌሊቱ ጽዳት አይታለፍም፤ በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ይቀንሳልና። መፋቂያ የጥርሱን ሜዳ በደንብ ያጸዳል፤ ከሽቦው ሥር ግን አይገባም፣ ተጭነው ከፋቁበት ደግሞ ብራኬት ሊያስለቅቅ ይችላል።

የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው መሆን አለበት፤ ከቦረሹ በኋላም አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። በወንጂም ሆነ በሌላው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እዚያ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ የብዙ ልጆችን ጥርስ አበልዟል። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን ጥርሱ ገና ከድድ በታች እየተሠራ ሳለ፣ በሚዋጠው ፍሎራይድ ነው። በቅሎ ያለቀን ጥርስ ላዩን የሚነካ የሳሙና ፍሎራይድ ኢናሜሉን ያጠነክረዋል እንጂ አያበልዘውም።

በማዕድ በኩል እንጀራ በወጥ ለብሬስ የተመቸ ምግብ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በጥርስ የሚላጥ ሸንኮራ አገዳ ግን ብራኬት ይነቅላሉ፤ የተጠበሰ በቆሎ ተፈልፍሎ፣ ቁርጥም በደቃቁ ተከትፎ ቢበላ ይሻላል። ካራሜላ ደግሞ ድርብ ጠላት ነው፤ ይጣበቃልም፣ አሲዱንም ያስረዝማል። አልጫ ወጥ ውስጥ ያለው እርድ ላስቲኩን ቢጫ ቢያደርገው አያስጨንቅም፤ በቀጠሮው ቀን ይለወጣል። የላላ ብራኬት ግን ለቀጠሮ አይቆይም፤ ያ ጥርስ መጓዙን ያቆማል፣ ሕክምናውም ይረዝማል።

ብሬሱ ከወጣ በኋላ አጥንቱ እስኪጸና ጥርሱ ወደ ድሮው ቦታው መመለስ ስለሚፈልግ በቦታው የሚይዘው ሪቴይነር ይደረጋል። ከታችኛው የፊት ጥርስ በስተኋላ የሚለጠፈው ቀጭን ሽቦ የምራቅ ቱቦዎች ከሚከፈቱበት አጠገብ ስለሚገኝ ታርታር የሚባለው የጠጠረ ቆሻሻ ቶሎ ይጋገርበታል፤ ክርና የክሊኒክ እጥበት ያስፈልገዋል። የሚወልቀው የፕላስቲክ ሪቴይነር በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ ሙቅ ውኃ ቅርጹን ያጣምመዋል። ሲበላ ወልቆ የሚቀመጠው በማኅደሩ ውስጥ ነው። በሶፍት ተጠቅልሎ ገበታ ላይ የተተወ ሪቴይነር ከትራፊው ጋር ተጠርጎ ይሄዳል፤ ሌላ እስኪሠራ ድረስም ጥርሱ ቆሞ አይጠብቅም።